ለኬጂ የፊደል ገበታ እጅ ጽሑፍ የሚመስል ፎንት ይሆናል?

ጥያቄው፦ «ትንሽ ኬጂ ከፍቻለሁ። የፊደል ገበታ፣ የግድግዳ ጽሑፍ፣ ታፔላ እና ለወላጆች የሚላክ ኮሚዩኒኬሽን ቡክ ላሳትም ነው። ሁሉንም በኮሚክ ሳንስ እንዲሠራልኝ ለዲዛይነሩ ነገርኩት። ልጆች የጻፉት ስለሚመስል ደስ ይለኛል። እሱ ግን ‹ይሄ ፎንት ያስንቃል፣ ማንም አይጠቀምበትም› አለኝ። እኔ ራሴ ዎርድ ላይ ስሞክረው ደግሞ እንግሊዝኛው ይቀየራል፣ አማርኛው ንቅንቅ አይልም። በቴሌግራም ያገኘሁት እጅ ጽሑፍ የሚመስል የአማርኛ ፎንት አለ። እሱን ለሁሉም ብጠቀም ምን ችግር አለው?»

መጀመሪያ አማርኛው ያልተቀየረበትን ምክንያት ልንገርዎት። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም። ኮሚክ ሳንስ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። የላቲን (እንግሊዝኛ የሚጻፍበት)፣ የግሪክና የሲሪሊክ (ሩሲያኛ የሚጻፍበት) ፊደላት አሉት፤ የእኛ የለውም። ዎርድ በመረጡት ፎንት ውስጥ አንድ ፊደል ሲያጣ፣ ሳይነግርዎት ፊደሉ ካለበት ሌላ ፎንት ይዋሳል። በዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ኒያላን ወይም ኤብሪማን ነው። ስለዚህ «ኮሚክ ሳንስ በአማርኛ» የሚባል ነገር ካጋጠመዎት፣ ሌላ ሰው በዚያ መንፈስ የሳለው ሌላ ፎንት ነው። ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል። በራሱ መመዘን አለበት።

ዲዛይነሩ ያለው ግማሹ ልክ ነው። «ማንም አይጠቀምበትም» የሚለው ግን ስህተት ነው። ኮሚክ ሳንስ ዛሬም በብዙ አገር የሕፃናት ክፍል ግድግዳ ላይ አለ። የሚያስንቀው ቦታው ላይ ሳይሆን ሲቀር ነው። ይሄን ለመረዳት አመጣጡን ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፎንቱ የተሳለው በ1994 ነው። ሠሪው ቪንሰንት ኮናር ይባላል፤ ያኔ ማይክሮሶፍት ውስጥ ይሠራ ነበር። ኩባንያው ከኮምፒውተር ጋር ላልተዋወቁ ቤተሰቦች ማይክሮሶፍት ቦብ የሚባል ፕሮግራም እያዘጋጀ ነበር። ፕሮግራሙ ውስጥ ሮቨር የተባለ የካርቱን ውሻ አለ። ውሻው ለተጠቃሚው መመሪያ ይሰጣል። ንግግሩ የተጻፈው ግን በታይምስ ኒው ሮማን ነበር፣ በጋዜጣ ፊደል። ኮናር አልተዋጠለትም። ቢሮው ውስጥ የነበሩትን የኮሚክ መጽሐፎች አወጣ። በንግግር አረፋዎቹ ውስጥ በእጅ የተጻፈውን ፊደል መነሻ አድርጎ አዲስ ፎንት ሳለ። ለቦብ አልደረሰም። በ1995 ግን ከዊንዶውስ 95 ጋር ለብቻው ይሸጥ በነበረው ፕላስ በተባለው ጥቅል ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ተጭኖ የሚመጣ ሆነ።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ለካርቱን ውሻ ንግግር የተሳለ ፊደል በአንድ ጊዜ ሁሉም ሰው እጅ ገባ። ሰውም ለማስጠንቀቂያውም፣ ለደብዳቤውም፣ ለሐዘኑም ይጽፍበት ጀመር። ዴቭ እና ሆሊ ኮምብስ የተባሉ አሜሪካውያን ዲዛይነሮች «ይታገድ» ብለው ዘመቻ እስከመክፈት ደረሱ። ጁላይ 4 ቀን 2012 ደግሞ በሴርን የፊዚክስ ማዕከል ሂግስ ቦሶን የተባለችው እጅግ ረቂቅ ቅንጣት መገኘቷ ሲበሰር፣ ከአቅራቢዎቹ አንዷ ፋቢዮላ ጃኖቲ ስላይዶቿን ያዘጋጀችው በኮሚክ ሳንስ ነበር። በዚያ ታላቅ ቀን ብዙ ሰው ስለ ፎንቱ ሲያወራ ዋለ። ፊደሉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ፊደል ቃሉ ከመነበቡ በፊት ድምፅ አለው። ኮሚክ ሳንስ ድምፁ የጨዋታ ነው፤ የተነገረው ነገር ደግሞ ጨዋታ አልነበረም።

ታዲያ መምህራን ለምን ይወዱታል? ምክንያታቸው ውሃ የሚያነሳ ነው። መስመሩ ከላይ እስከ ታች ውፍረቱ ተመሳሳይ ነው፣ በማርከር የተጻፈ ይመስላል። ጫፎቹ ክብ ናቸው። ትንሿ «ኤ» ልጁ በእርሳስ በሚጽፋት ቅርጽ፣ ማለትም ክብ ከጎኗ እግር ኖሯት ነው የተሳለችው፤ በመጽሐፍ ውስጥ እንደምናያት ላይዋ ላይ ቆብ የላትም። «ቢ» እና «ዲ» በመስታወት እንደሚታይ ግልባጭ ድርቅ ብለው አንድ አይነት አይደሉም። የብሪታንያ ዲስሌክሲያ ማኅበርም ለማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች ከሚጠቁማቸው ፎንቶች መካከል ኮሚክ ሳንስን ያስገባዋል፤ ፊደላቱ ተጨናንቀው አይታዩም በሚል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛው ገበታዎ ከፈለጉት ይጠቀሙበት፣ አይሸማቀቁ። ትንሽ የተስተካከለ መልክ ከፈለጉ ክሬግ ሮዚንስኪ በ2014 ያወጣው ኮሚክ ኑዌ አለ። ነፃ ነው፣ መንፈሱ ያው ነው፣ መስመሩ ግን የበለጠ የተረጋጋ ነው። እኔ ብሆን እሱን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ይህ ሁሉ ምክንያት ለላቲን ፊደል የሚሠራ ነው። ለአማርኛ እንዳለ ማምጣት አይቻልም። ብዙ ሰው፣ ዲዛይነሮችም ጭምር፣ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

በላቲን ፊደል የአንድ ፊደል እግር ትንሽ ቢረዝም፣ ቢያጥር፣ ቢንጋደድ ፊደሉ ያው ነው። ዘና ያለ ፎንት የሚስለው ሰው ውበቱን የሚያመጣው በዚሁ ነው። አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዱን እግር ረዘም፣ ሌላውን አጠር። የግዕዝ ፊደል ግን አናባቢውን የሚናገረው በነዚሁ ጥቃቅን ለውጦች ነው። «በ»ን ይመልከቱ። ሁለቱ እግሮች እኩል ናቸው። ቀኝ እግሩ ከረዘመ «ባ» ነው። ግራ እግሩ ከረዘመ «ቦ» ነው። ሰ፣ ሳ፣ ሶም እንደዚያው። አ፣ ኣ፣ ኦም እንደዚያው። ለጨዋታ ተብሎ የአንዱ «በ» ቀኝ እግር ትንሽ ወረድ ቢል፣ «በር» ተብሎ የተጻፈው «ባር» ይሆናል። አዋቂ ሰው ከዐውዱ ያነበዋል። ፊደል ገና የሚቆጥር የአራት ዓመት ልጅ ምንም ዐውድ የለውም። ያለው ቅርጹ ብቻ ነው።

ካዕብና ሣልስም ከዚህ አይለዩም። «ቡ» ላይ ያለችው ቅጥያ ከቀኝ እግሩ መሐል ትወጣለች። «ቢ» ላይ ከእግሩ ጫፍ ትወጣለች። ልዩነታቸው የቅጥያዋ ከፍታ ብቻ ነው። ሱ እና ሲ፣ ኩ እና ኪ፣ ሉ እና ሊ በዚሁ ይለያሉ። ቅጥያዋን እንደመጣላት የሚያስቀምጥ ፎንት ሁለቱን ያቀራርባቸዋል። ኀምስ ላይ ደግሞ ቀለበት አለች። ማርከር መሰል ፎንቶች መስመራቸው ወፍራም ስለሆነ ፊደሉ ሲያንስ ቀለበቷ ትደፈናለች። ያኔ «ቤት» ከ«ቢት» አይለይም። ላይኛዋን ሰረዝም አይርሱ። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ የሚለያዩት በእሷ ነው። ሰረዟ ከፊደሉ ራስ ጋር ከተጣበቀች ወይም እጅግ ካጠረች፣ «ሸማ» «ሰማ» ሆኖ ይነበባል።

የፊደል ገበታ ሥራው ይህን ልዩነት ማሳየት ነው። ልጁ «ራብዕ ላይ ቀኝ እግር ይረዝማል» የሚለውን ሕግ ማንም ሳይነግረው ከገበታው ይቀስማል። በ፣ ባ፣ ቦን ያያል። ከታች ሲወርድ ሰ፣ ሳ፣ ሶን ያያል። አንድ አይነት ነገር እየተደጋገመ መሆኑን ዓይኑ ይይዛል። ገበታው ላይ እግሮቹ ያለ ምክንያት ከተዘበራረቁ ይህ ድግግሞሽ ይጠፋል። ለልጁ የሚቀረው ከሁለት መቶ በላይ ቅርጾችን አንድ በአንድ መሸምደድ ነው። በዚህ ላይ አላመቻምችም። የፊደል ገበታ በዘና ያለ ፎንት አይታተምም።

ይህን ስል በጥንቃቄ የተሳለ፣ እጅ ጽሑፍ የሚመስል የአማርኛ ፎንት ሊኖር አይችልም ማለቴ አይደለም። ይቻላል፤ ግን ከባድ ሥራ ነው። የእንግሊዝኛ ፎንት ሠሪ ትልቁንም ትንሹንም ቆጥሮ 52 ፊደል ይስላል። የአማርኛው ሠሪ 33ቱን ፊደላት በሰባት ቤት 231 አድርጎ ይጀምራል። ቨ ከነቤተሰቡ ሲጨመር 238 ይሆናል። ከዚያ ቋ፣ ጓ፣ ኳ፣ ሏ እና ዘመዶቻቸው አሉ። ኧ አለች። ሥርዓተ ነጥቡና የግዕዝ ቁጥሩ አለ። ብዙ ሠሪዎች መንገድ ላይ ይደክማቸዋል። መጀመሪያውን ቅርጽ በእጅ ይስሉና የቀረውን ቅጥያውን እየለጠፉ ይጨርሱታል፤ ወይም ብዙም አይጠየቁም ብለው የሚያስቧቸውን ፊደላት ይተዋሉ። የጎደለው ፊደል ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንደለመደው ከሌላ ፎንት ይዋሳል። በአንድ ቃል መሐል አንዷ ፊደል እንግዳ ሆና ትቀመጣለች።

የድግግሞሽ ነገርም አለ። ሰው በእጁ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ «እንኳን» ውስጥ ያሉት ሁለት «ን»ዎች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። ፎንቱ ግን ቁርጥ አንድ አድርጎ ያወጣቸዋል። ዓይን ይህን በፍጥነት ያነባል። በእጅ የተጻፈ ሊመስል የነበረው ነገር ማሽን መሆኑ ይታወቃል። ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት ቅርጽ አዘጋጅተው እያፈራረቁ የሚያወጡ ፎንቶች አሉ። በላቲን ይህ የተለመደ ነው። በግዕዝ ግን ሁለተኛ ቅርጽ ማለት ሌላ 238 ፊደል ማለት ስለሆነ ብርቅ ነው።

በቴሌግራም ወዳገኙት ፎንት ልመለስ። ከመጠቀምዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ። የመጀመሪያው ዩኒኮድ ነው ወይ የሚለው ነው። ዩኒኮድ ማለት ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ እያንዳንዱን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ቁጥር አሰጣጥ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አሠራር ነበረው፤ ብዙዎቹ የግዕዝን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ለጌጥ የተሠሩ ፎንቶች ብዙዎቹ ዛሬም በዚያ መንገድ የተሠሩ ናቸው። መፈተኛው ቀላል ነው። በፎንቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ መልኩ ከሌላ ፎንት የተዋሰ ሳይሆን የፎንቱ የራሱ መሆኑን ይዩና ኮፒ አድርገው ወደ ራስዎ ቴሌግራም ይላኩት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ዩኒኮድ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ከመጣ አሮጌው አይነት ነው። አሮጌውን ለአንድ ርዕስ እንደ ሥዕል ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ለኮሚዩኒኬሽን ቡክ ግን በፍጹም አይጠቀሙበት። በሚቀጥለው ዓመት ጽሑፉን ማስተካከል ሲፈልጉ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ነገር ነው የሚጠብቅዎት።

ሁለተኛው ሙሉ ነው ወይ የሚለው ነው። እነዚህን ቃላት ይጻፉበት፦ ኧረ፣ ቋንቋ፣ ጓደኛ፣ ቪታሚን፣ ሸማ፣ ኳስ፣ ጵጵስና፣ ፀሐይ። ከሥራቸው በ ባ ቦ፣ ቡ ቢ ቤ፣ ነ ኘ ብለው ይጨምሩ። ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ እና አራት ነጥብም ያስገቡ። ከዚያ ፎንቱን አይቶት ለማያውቅ ሰው ፊደላቱን ነጠል ነጠል አድርገው ያሳዩት። አንዱን ከሌላው ካምታታ ፎንቱ ለልጆች ንባብ አይሆንም።

ሦስተኛው ፈቃዱ ነው። በፎንት ዓለም «ነፃ» የሚለው ብዙ ጊዜ ለግል ጥቅም ብቻ ማለት ነው። ኬጂ ንግድ ነው፤ ታፔላ ደግሞ አደባባይ ላይ የሚሰቀል ነገር ነው። ከፋይሉ ጋር የፈቃድ ጽሑፍ ካልመጣ፣ የሠሪው ስምም ካልታወቀ፣ ይተዉት። አንድ ሰው ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ሲስል የከረመበትን ሥራ ሳይጠይቁ መውሰድም ተገቢ አይደለም። ክፍት ፈቃድ ያላቸው ጥሩ የአማርኛ ፎንቶች ስላሉ ማንም ለዚህ የሚገደድበት ምክንያት የለም።

ምክሬ ይሄ ነው። ለፊደል ገበታው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይጠቀሙ። ነፃ ነው፣ ዩኒኮድ ነው፣ ክፍት ፈቃድ አለው። መስመሩ ውፍረቱ እኩል ለማለት የሚቀርብ ስለሆነ ልጁ በእርሳስ ሊከተለው ይችላል። እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ያሉት ፎንቶች የሚያምሩ ናቸው፤ የመቃ ብዕርን መንገድ ተከትለው ወፍራምና ቀጭን መስመር ያፈራርቃሉ። ለተረት መጽሐፍና ለአዋቂ ንባብ ግሩም ናቸው። ገና መጻፍ የሚማር ልጅ ግን የብዕሩን ጫፍ ቅርጽ ሁሉ የፊደሉ አካል አድርጎ በእርሳስ ሊስለው ይታገላል። ገበታው ደስ እንዲል ከፈለጉ ደስታውን በቀለሙ፣ በሥዕሉ፣ በዳር ጌጡ ያምጡት። ፊደሉን ለቀቅ ያድርጉት።

ለኮሚዩኒኬሽን ቡኩም ያው ንጹህ ፎንት። እዚያ ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ትኩሳት ይኖራል፣ የክፍያ ማስታወሻ ይኖራል፣ «ዛሬ በጨዋታ ሰዓት ወድቆ ግንባሩ ተጭሯል» የሚል ይኖራል። እናት ያን በሚፍለቀለቅ ፊደል ተጽፎ ስታነብ፣ ትምህርት ቤቱ ነገሩን ቀለል አድርጎ ያየው ይመስላታል። ሽፋኑ ላይ ያለው ርዕስ ዘና ያለ ፊደል ቢሆን ችግር የለውም። ውስጡ አይሁን።

ለግድግዳ ጽሑፍ፣ ለልደት ካርድ፣ ለወላጆች ቀን ባነር፣ በሥዕል ውስጥ ያለች ጥንቸል ለምትናገረው ነገር እጅ ጽሑፍ መሰል ፎንት ቦታው ነው። እዚያ እንደልብዎ ይጠቀሙበት፤ ከላይ ያልኩትን ፈተና ያለፈ ከሆነ። አጭር ይሁን፤ ከአምስት ስድስት ቃል በላይ አይርዘም። ትልቅ ይሁን። የግዕዝ ፊደል ከእንግሊዝኛው ይልቅ በትንሽ ቦታ ብዙ ነገር የያዘ ነው፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አማርኛውን ከፍ አድርጉት። ዎርድ ላይ «ቦልድ»ን ወይም «ኢታሊክ»ን አይጫኑ። ፎንቱ ራሱ ወፍራም ወይም ዘመም ያለ ቅርጽ ከሌለው ኮምፒውተሩ በግድ ያወፍረዋል፣ በግድ ያጋድለዋል። ቀለበቶቹ ይደፈናሉ። ፊደሉ ዙሪያ ሌላ ቀለም ያለው ወፍራም መስመር ማዞርም ተመሳሳይ ጉዳት አለው።

ለታፔላው ግን ፎንት ባይጠቀሙ እመርጣለሁ። እውነተኛ የእጅ ጽሑፍ ያሠሩ። ታፔላ የሚጽፉ፣ እጃቸው የተፈታ ሠዓሊዎች አሉን። የኬጂው ስም ሁለት ወይም ሦስት ቃል ነው። ያን አንድ ጊዜ በብሩሽ ወይም በማርከር ወረቀት ላይ ያስጽፉ፤ ዲዛይነሩ ስካን አድርጎ በኢለስትሬተር ወይም በኮረል ያጽዳው። በቃሉ ውስጥ ሁለት «ን» ካለ ሁለቱ ይለያያሉ። ሌላ ኬጂ ላይ የሚያዩት ነገር አይሆንም። ሰውየው ፊደሉን የሚያውቅ ስለሆነ ራብዑን ራብዕ፣ ኀምሱን ኀምስ አድርጎ ያወጣዋል፤ ጨዋታውን የት ማስገባት እንዳለበት እጁ ያውቃል። ጉድለቱ ለአዲስ ጽሑፍ ሁሉ እንደገና መክፈል ያስፈልጋል፤ በኮምፒውተር መጻፍ አይቻልም። ለስምና ለሎጎ ግን የሚፈለገው ያው አንዱ ነው።

ወደ ማተሚያ ቤት ሲልኩ ዲዛይነሩ ፊደሉን ከርቭ አድርጎ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል ቀይሮ፣ በፒዲኤፍ ይላከው። አለበለዚያ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሌላ ፊደል ሊተካበት ይችላል። ሊስተካከል የሚችለውን ፋይል ደግሞ ለብቻ ያስቀምጡ፤ ከርቭ የሆነ ጽሑፍ ላይ ስህተት ቢያገኙ መልሶ መጻፍ አይቻልም። ለወላጆች በስልክ የሚልኩትንም በዎርድ አይላኩት። አንድሮይድ ስልክ ላይ ኮሚክ ሳንስ የለም፤ እርስዎ የመረጡት መልክ እዚያ አይደርስም። ፒዲኤፍ ወይም ምስል ያድርጉት።

ሁሉንም ኮፒ ከማሳተምዎ በፊት አንድ ገበታ ብቻ በእውነተኛ መጠኑ ያስወጡ። ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፈው የመጨረሻው ልጅ ከሚቀመጥበት ቦታ፣ በልጁ ቁመት ሆነው ያንብቡት። ቡ እና ቢ፣ ቤ እና ቢ፣ ሰ እና ሸ ከዚያ ቦታ ካልተለያዩ ፊደሉን ያተልቁት፣ ወይም መስመሩን አንድ ደረጃ ያቅጥኑት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ብዙ ደረጃ ስላለው ለዚህ ይመቻል።